መልስ፦ ሕንፃው ይቆይ

ሰላም ወንድሜ። «በዞናችን ጭንቅላታቸው ለተጎዳ ሰዎች የተሃድሶ ማዕከል ልንሠራ ነው፤ ከየት እንጀምር?» ብለሃል። ከሕንፃው አትጀምር። አንድ አጠቃላይ ሆስፒታል ከ1 እስከ 1.5 ሚሊዮን ሕዝብ እንዲያገለግል ነው የታሰበው። ከገጠር ወረዳ እዚያ ድረስ በሳምንት ሦስቴ ለፊዚዮቴራፒ (ለአካል እንቅስቃሴ ሕክምና) ማን ይመላለሳል? ትራንስፖርቱ ብቻ ቤተሰቡን ያራቁተዋል።

መጀመሪያ የሆስፒታሉን መዝገብ አገላብጥ። በመኪና አደጋ፣ በመውደቅ፣ በድብደባ ተጎድቶ ታክሞ የወጣው ስንት ነው? ከየትኛው ወረዳ? ከዚያ ዋናውን ቡድን ሆስፒታሉ ላይ፣ አንድ አንድ የሠለጠነ ሰው ደግሞ በየወረዳው አስቀምጥ። የቤት ለቤት ክትትሉን የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ይያዙት። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ፊዚዮቴራፒስቶችን ያሠለጥናል፤ በማኅበረሰብ አቀፍ ተሃድሶም ልምድ አለው። አናግራቸው።

ሁሌ የሚዘነጋው ግን ሌላ ነው። ጭንቅላቱ ተጎድቶ እጅ እግሩ ግን ደህና የሆነ ሰው ነገር ይረሳል፣ በትንሽ ትልቁ ይቆጣል፣ የጀመረውን ሥራ ይተወዋል። ቤተሰቡ «ጠባዩ ተበላሸ» ይላል። (እኛም አጎቴን እንደዚያ ብለነው ነበር።) ስለዚህ በሽተኛው ሲወጣ ከቤተሰቡ ጋር ቁጭ ብሎ የሚያስረዳ ሰው ዕቅዱ ውስጥ ይግባ። ይሄ ብዙ በጀት አይበላም።