ፈዙ ጠዋት ደህና፣ ቀትር ላይ ትፍ ትፍ፦ ጥፋቱ የሰርኪዩቱ አይደለም

ወንድሜ፣ ከአሮጌ ፊሊፕስ ሬዲዮ ሁለት ኤሲ 128 (ከጀርማኒየም የተሠራ ትራንዚስተር) ነቅለህ፣ በቴስተር ጌይናቸው (ከረንት የሚያባዙበት መጠን) 180 እና 210 ሲልህ ደስ ብሎህ ፈዝ ፌስ (የጊታር ድምፅ የሚያሻክር ፔዳል) ሠርተህ፣ ጠዋት የሚያምረው ድምፅ ሰባት ሰዓት ላይ እየተቆራረጠ መከራህን አሳይቶሃል። ሰርኪዩቱን እንደገና አትበይድ። የዋሸህ ቴስተሩ ነው።

ትራንዚስተር ሦስት እግር አለው፦ ቤዝ (ተቆጣጣሪው)፣ ኤሚተርና ኮሌክተር። ጀርማኒየም ቤዙ ባዶ ሆኖም ያፈሳል። ቴስተሩ ይህን የሚያፈሰውን ከረንት ከጌይን ጋር ደምሮ ይቆጥርልሃል፤ 180 ያለህ ትራንዚስተር እውነተኛ ጌይኑ 60 ሊሆን ይችላል። ሙቀት ሲጨምር ደግሞ የሚያፈሰው ይብሳል፤ በየ10 ዲግሪው እጥፍ ገደማ። የጎንደር ጠዋትና ቀትር ምን ያህል እንደሚራራቁ ላንተ አይነገርም።

1. መለካት። ባለ 9 ቮልት ድንጋይ፣ 2.2 ኪሎ ኦምና 270 ኦም ሬዚስተር ተቀጣጥለው (ድምሩ 2.47 ኪሎ)፣ አንድ 2.2 ሜጋ ኦም። ይህ ከጠፋ ሁለት 1 ሜጋና አንድ 220 ኪሎ ቀጥል። ኤሚተሩን ከድንጋዩ ፖዘቲቭ፣ ኮሌክተሩን በ2.47 ኪሎው በኩል ከኔጋቲቭ አገናኝ። ቴስተሩን ዲሲ 20 ቮልት ላይ አድርገህ የ2.47 ኪሎውን ሁለት ጫፍ ለካ፤ ቤዙ ለጊዜው ምንም አይንካ። በጣትህ ይዘኸው ከነበረ ቁጥሩ ከፍ ብሎ ቀስ እያለ ይወርዳል። እስኪረጋ ጠብቅ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ተቻኩሎ ነው። 0.35 ቮልት ላይ ቆመ እንበል፦ ይህ የሚያፈሰው ነው፣ 140 ማይክሮ አምፒር ገደማ። አሁን 2.2 ሜጋውን ከቤዝ ወደ ኔጋቲቭ አገናኝ። 1.25 ካለ 0.35ን ቀንስና በ100 አባዛ፤ ጌይኑ 90 ነው።

ቤዙ ባዶ ሳለ እስከ 0.5 ቮልት ካነበበ ደህና ነው። ከ1.2 ካለፈ ለሌላ ነገር አስቀምጠው። በፔዳሉ መጀመሪያ ቦታ ላይ ከ70 እስከ 80፣ ሁለተኛው ላይ ከ110 እስከ 130 የሆነ ጌይን ፈልግ፤ ዝቅተኛው ሁልጊዜ ይቅደም። እዚያው ሬዲዮ ውስጥ ኤሲ 127 ካገኘህ እሱ ኤንፒኤን ስለሆነ (ኤሲ 128 ፒኤንፒ ነው፣ ዋልታቸው ተቃራኒ ነው) አትቀላቅለው። ገዝተህ ከሆነም በዳዮድ መለኪያው ቤዝና ኤሚተሩን እይ፦ 0.6 ወይም 0.7 ካሳየህ ጽሑፉ ተፍቆ የታተመበት ሲሊኮን ነው፣ ሻጩ የፈለገውን ያህል ይማል። ጀርማኒየም ከ0.3 አይዘልም።

2. ባያስ (ትራንዚስተሩ የሚያርፍበትን ቮልቴጅ ማስተካከል)። የሁለተኛውን ትራንዚስተር ኮሌክተር 8.2 ኪሎ ሬዚስተር አውጥተህ 20 ኪሎ ትሪመር (እየዞረ የሚስተካከል ትንሽ ሬዚስተር) አግባ። 33 ኪሎው፣ 470 ኦሙና 100 ኪሎው ባሉበት ይቆዩ። ፈዙን እስከ መጨረሻው ከፍተህ፣ በአዲስ ድንጋይ፣ የሁለተኛው ኮሌክተር ከግራውንድ 4.5 ቮልት እስኪርቅ አዙር (ቴስተሩ ኔጋቲቭ ያሳያል፣ አትደንግጥ)። ቀትር ላይ ብትለካው ኖሮ ወደ 7 እና 8 ሸሽቶ ታገኘው ነበር፤ ድምፁን የሚቆራርጠው እሱ ነው። ይህን ሥራ ቤት ውስጥ በማለዳ አትሥራው፤ በምትጫወትበት ሰዓትና ቦታ ሥራው። ከሣጥኑ ሥር ትሪመሩ ትክክል ቀዳዳ ብትበሳ በቀጭን ካቻቢቴ እዚያው ታስተካክለዋለህ። ጥምቀት ላይ ሜዳ ከወጣህ ፔዳሉ ፀሐይ ላይ አይዋል፤ ጥቁር የተቀባ ሣጥን ከሆነማ ጭራሽ።

ሶኬት ተጠቀም፣ ትራንዚስተሩን በቀጥታ አትበይድ። ሶኬት ከሌለ እግሩን በሹል ፒንሳ ያዝና የፒንሳውን እጀታ በላስቲክ እሰረው፤ ሙቀቱን ፒንሳው ይጠጣዋል። ከሦስት ሰከንድ በላይ አትቆይ፣ እግሩንም አታሳጥረው።

አዳፕተር ነገር ካነሳህ፦ ይህ ፒኤንፒ ነው፣ ግራውንዱ ፖዘቲቭ ነው። ከዲሌይ (ድምፅ ከሚያስተጋባው) ፔዳልህ ጋር አንድ አዳፕተር ላይ ከቀጠልከው የሁለቱ ግራውንድ በጊታር ኬብሉ ተገናኝቶ አዳፕተሩን ሾርት ያደርገዋል። ድንጋይ ብቻ ተጠቀም፣ ያውም ርካሹን ዚንክ ካርቦን፤ የሚጠጣው ኢምንት ነው። በኢንፑት ስቴሪዮ ጃኩ ላይም የድንጋዩ ቀይ ሽቦ ነው መሐለኛው ቀለበት ላይ የሚገባው፤ ከሌላ ፔዳል ገልብጠህ ጥቁሩን ካስገባህ አይሠራም።

ጊታሩ በቀጥታ ፈዙ ውስጥ ይግባ። በፊቱ በፈር (የጊታሩን ሲግናል ተቀብሎ የሚያስተላልፍ ሰርኪዩት) ያለው ፔዳል ካስቀደምክ የጊታሩን ቮልዩም ስትቀንስ የሚጠራው ድምፅ ይጠፋል፤ ለትዝታ የምትፈልገው ደግሞ እሱን ነው። ኮርድም አትምታበት፣ ነጠላ ክር ላይ ሂድ።

ሁለቱም ትራንዚስተሮችህ ከ1.2 በላይ ካፈሰሱ ሬዲዮውን ከመጣልህ በፊት ከመጨረሻው ጥንድ በፊት ያለውን ደረጃ እይ። ኤሲ 125 ወይም ኤሲ 126 ተቀምጦ ሊሆን ይችላል፤ እነሱም ፒኤንፒ ጀርማኒየም ናቸው። በዚያው መንገድ ለካቸውና ቁጥሩን እዚህ ጻፍልን።