መልስ፦ ከሰዓት በኋላ ስለሚመጣው የስኳር አምሮት

ሻይሽ ላይ ሦስት ማንኪያ ስኳር እንደምትጨምሪ፣ 10 ሰዓት ላይ ደግሞ ኬክና ለስላሳ ካላገኘሽ ሥራ እንደማይገፋልሽ ጽፈሻል። «በአንዴ ልተወው ወይስ ቀስ በቀስ?» ላልሽው፦ ሻዩን ቀስ በቀስ፣ ለስላሳውን ግን ዛሬውኑ።

330 ሚሊ ሊትር ኮካ ኮላ 35 ግራም ገደማ ስኳር አለው። የዓለም ጤና ድርጅት ደግሞ ቢቻል በቀን ከ25 ግራም እንዳይበልጥ ይመክራል። አንዷ ጠርሙስ ብቻዋን አለፈችው ማለት ነው፤ ያውም ሳታጠግብሽ። ጋዙ ከሆነ የሚያምርሽ፣ አምቦ ውኃ ላይ ሎሚ ጨምቂበት።

ሻይሽ ላይ በየሳምንቱ ግማሽ ማንኪያ ቀንሺ፤ ምላስ ይለምዳል። ቀረፋና ቅርንፉዱን ጠንከር አድርገሽ አፍዪው። ሻይ ቤት ስትገቢ ስኳሩ ተጨምሮ ሊመጣልሽ ስለሚችል «ያለ ስኳር» ብለሽ እዘዢ። በማር እተካዋለሁ እንዳትዪ፣ ድርጅቱ ማርንም ከዚያው ከ25 ግራሙ ነው የሚቆጥረው።

የ10 ሰዓቱ ነገር ግን በእኔ እምነት ከምሳሽ ይጀምራል። ዳቦ በሻይ በልተሽ ከዋልሽ ቶሎ ይርብሻል። ምስር ወይም ሽሮ በጎመን ብትበዪ ረዘም ላለ ሰዓት ይይዝሻል። ቦርሳሽ ውስጥ ቆሎና ኦቾሎኒ አይጥፋ። አምሮቱ ሲመጣ ተነሺና ትንሽ ተራመጂ፤ ብዙ ጊዜ ያልፋል። እንቅልፍሽንም አደራ፤ እንቅልፍ ያጣ ሰው ጣፋጭ ይበልጥ ያምረዋል።

የስኳር በሽታ መድኃኒት የምትወስጂ ከሆነ ግን ምንም ከመቀነስሽ በፊት ሐኪምሽን አማክሪ፤ ስኳርሽ ከልክ በታች ሊወርድ ይችላል።