ሲቀዘቅዝ የሚመለስ ፍሬን

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ባለፈው ወር ረጅም ቁልቁለት እየወረድኩ የፍሬን ፔዳሉ በድንገት ስፖንጅ የረገጥኩ ያህል ለስልሶ ወደ ታች ወረደ። ደጋግሜ ረግጬ፣ ማርሽ ቀንሼ እንደ ምንም ጥግ ያዝኩ። ግማሽ ሰዓት ያህል ቆሜ ስነሳ ፍሬኑ ምንም ያልነካው መሰለ። መካኒኩ የፍሬኑን ሸራ አይቶ «ገና አዲስ ነው፣ አታስቢ» አለኝ። መኪናዋን ከያዝኳት 4 ዓመቷ ነው፤ ብዙም አልነዳትም። ልመነው?

መልስ፦ እህቴ፣ እንኳን ተረፍሽ። መኪናዋን ግን እስክትሠራ ድረስ አታንቀሳቅሻት። ፍሬኑ ቀዘቀዘ እንጂ አልዳነም።

ስለ ሸራው መካኒኩ ልክ ሊሆን ይችላል። ያላየው ዘይቱን ነው። የእግርሽ ጉልበት ጎማው ጋ የሚደርሰው በቀጭን ቱቦ ውስጥ ባለው የፍሬን ዘይት ነው። ዘይት ሲጫኑት አይታመቅም፤ ስለዚህ ፔዳሉ ላይ የተጫንሽው ሸራውን ከጎማው ጋር ከሚሽከረከረው ዲስክ ጋር ያጣብቀዋል። ዘይቱ ከፈላ ግን ቱቦው ውስጥ እንፋሎት ይፈጠራል። እንፋሎት ደግሞ ይታመቃል። አንቺ ትረግጫለሽ፣ ሸራው ጋ የሚደርስ ነገር የለም። ሲቀዘቅዝ እንፋሎቱ ተመልሶ ፈሳሽ ይሆናል፣ ፔዳሉም ይጠነክራል። ያየሽው ይኸው ነው።

ሙቀቱን አትናቂው። 1,500 ኪሎ የምትመዝን መኪና በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር እየሄደች አንዴ ብታቆሚያት፣ ፍሬኑ ላይ የሚፈጠረው ሙቀት አንድ ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ ያፈላል። አንዴ ለማቆም ብቻ! ረጅም ቁልቁለት ላይ እግርን ሳያነሱ መውረድን አስቢው።

«ብዙም አልነዳትም» ያልሽው አይጠቅምሽም። የፍሬን ዘይት ከአየር ላይ እርጥበት ይስባል፤ መኪናዋ ቆማም ብትውል ይስባል። አዲስ ዶት 3 የሚባለው የፍሬን ዘይት ዓይነት ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሳይፈላ መቆየት አለበት። ውሃ ከጠጣ በኋላ የሚጠበቅበት 140 ብቻ ነው። ሌላው ዓይነት፣ ዶት 4፣ ከ230 ወደ 155 ይወርዳል።

አንድ ጊዜ እንዳንቺው ዓይነት መኪና መጣልኝ። ባለቤቱ ሸራ ሁለት ጊዜ አስቀይሯል፣ ችግሩ ግን አልለቀቀውም። ካሊፐሩ (ሸራውን ዲስኩ ላይ የሚጫነው ክፍል) ላይ ያለችውን የአየር ማስወጫ ብሎን ላላ አድርጌ፣ ነጭ ቱቦ ሰክቼ ወደ ጠርሙስ ለቀቅኩት። አዲስ ዘይት ፈዘዝ ያለ ቢጫ ነው። ከዚያ የወጣው እንደ ወፍራም ሻይ የጠቆረ ነበር፤ ጠርሙሱ ሥር ጥቁር ዝቃጭ ተኛ። ሰውየው ጠርሙሱን ከእጄ ተቀብሎ ወደ ብርሃን አንስቶ እያየው ዝም አለ። እኔም ዝም አልኩ። በዚህ ነገር ላይ ቤተሰብ ጭኖ ሲሄድ ነበር።

አሁን የምታደርጊው ዘይቱን በሙሉ ማስቀየር ነው። ላዩ ላይ መጨመር ብቻ ዋጋ የለውም። ዓይነቱ የዘይት ማጠራቀሚያው ክዳን ላይ ተጽፏል። ቆርቆሮው አንቺ ፊት ይከፈት፤ ተከፍቶ የከረመ አትቀበይ። የሞተር ዘይት ጠብ እንዳይልበት፤ ላስቲኮቹን አሳብጦ ፍሬኑን ያበላሻል። የፍሬን ቱቦው ውስጥ የገባው አየር በአራቱም ጎማ ፍሬን በኩል ይውጣ። ከዚያ ወዲህ በየ2 ዓመቱ ማስቀየርን ልማድ አድርጊው።

ሲያስረክቡሽ ሞተሩን አስነስተሽ፣ መኪናዋ እንደቆመች ፔዳሉን ለ30 ሰከንድ ያህል ጠበቅ አድርገሽ ያዢው። ቀስ እያለ ከሰመጠ ወይ የሚያፈስ ቦታ አለ፣ ወይ ማስተር ሲሊንደሩ (ፔዳሉ ሲረገጥ ዘይቱን የሚገፋው ክፍል) ደክሟል፤ አትረከቢያት።

ቁልቁለት ስትጀምሪም ገና ከአናቱ ማርሽ ቀንሺ። ፍሬኑን ጠበቅ አድርገሽ ረግጠሽ ልቀቂው፣ ይተንፍስ። ሞተር ደግሞ በፍጹም አታጥፊ፤ እግርሽን የሚያግዘው ጉልበት የሚመጣው ከሞተሩ ነው።