መልስ፦ አሮጌና አዲስ ስካዚ መሣሪያዎችን በአንድ ኬብል ላይ ስለማገናኘት

ስካዚ ዲስክና መሰል መሣሪያዎችን ከኮምፒውተር ጋር የሚያገናኝ ዘዴ ነው። የጠየቁት በሰከንድ እስከ 160 ሜጋባይት የሚያስተላልፈውን፣ አልትራ160 የተባለውን የስካዚ ዓይነት የሚጠቀመውን ሃርድ ዲስክዎን ከባለ50 ፒኑ የቆየ ሲዲ ማንበቢያ ጋር በአንድ ኬብል ቢያገናኙት ዲስኩ ይዘገይ እንደሆነ ነው። አዎ፣ ይዘገያል፤ ምክንያቱ ግን ብዙዎች እንደሚያስቡት የማንበቢያው ቀርፋፋነት አይደለም። መሣሪያዎቹ በኮምፒውተሩ ውስጥ የሚገናኙበት የስካዚ ካርድ ከእያንዳንዱ መሣሪያ ጋር የሚስማማበት ፍጥነት ለየብቻ ስለሆነ፣ በሰከንድ 10 ሜጋባይት የሚሠራ መሣሪያ ጎረቤቱን በእርሱ ልክ እንዲሄድ አያስገድደውም።

ችግሩ ያለው በኤሌክትሪክ ምልክቱ ላይ ነው። አልትራ160 የሚጠቀመው ኤልቪዲ የተባለውን፣ እያንዳንዱን ምልክት በሁለት ሽቦዎች መካከል ባለ አነስተኛ የቮልቴጅ ልዩነት የሚያስተላልፈውን ዘዴ ሲሆን፣ የቆየው ማንበቢያ ግን ምልክቱን የሚለካው ከግራውንድ (ከዜሮ ቮልት መስመር) አንጻር ነው። ይህ መሣሪያ ሲገናኝ የትኛው ዘዴ እንደሚሠራ የሚያመለክተውን ዲፍሴንስ የተባለውን መስመር ወደ ግራውንድ ስለሚያወርደው፣ በኬብሉ ላይ ያሉት ሁሉ ወደ አሮጌው ዘዴ ይመለሳሉ፤ የፍጥነቱ ጣሪያም በሰከንድ 40 ሜጋባይት ይሆናል። እስከ 12 ሜትር ይፈቀድ የነበረው የኬብል ርዝመትም ወደ 3 ሜትር፣ መሣሪያዎቹ ከአራት ከበለጡ ደግሞ ወደ 1.5 ሜትር ይወርዳል። አልፎ አልፎ ለሚታይ የመረጃ ስህተት ሰዎች ዲስኩን ሲወቅሱ፣ ጥፋተኛው ብዙ ጊዜ ይኸው የረዘመ ኬብል ነው።

ስለዚህ ማንበቢያውን ለብቻው በሌላ ካርድ ላይ ቢያደርጉት ይሻላል። አዳፕቴክ 29160ን የመሰሉ ካርዶች ለባለ50 ፒን መሣሪያዎች የተለየ ክፍል ስላላቸው ሁለተኛ ካርድ ላያስፈልግዎ ይችላል። ኤችቪዲ (ከፍተኛ ቮልቴጅ የሚጠቀም ሌላ የስካዚ ዓይነት) የሚል ምልክት ያለበትን መሣሪያ ግን ከእነዚህ ጋር ፈጽሞ አያገናኙ።