ማይነስ 3 ዓይንና የጥልፍ መርፌ

ጥያቄ፦ የተከበሩ ሲስተር፣ ጤና ይስጥልኝ። 42 ዓመቴ ነው። ጎንደር አራዳ ገበያ አጠገብ የሐበሻ ቀሚስ ጥልፍ እሠራለሁ፤ የአንገቱንና የደረቱን በእጄ፣ የቀረውን በመኪና። ከልጅነቴ ጀምሮ ሩቅ አይታየኝም። ሁለቱም ዓይኔ ማይነስ 3 ነው፣ ብዙ ዓመት አልተቀየረም። መነጽሩ አስመርሮኛል። ክረምት ላይ ዝናቡ ይንጠባጠብበታል፣ ወጥ ስሠራ በእንፋሎት ይሸፈናል፣ ለጥምቀት ፋሲል መዋኛ ግፊያው ውስጥ ወድቆ ተረገጠብኝ። ዱባይ ያለችው ታናሽ እህቴ «ገንዘቡን እኔ እችላለሁ፣ ቱርክ ወይም ሕንድ ሄደሽ በሌዘር ተሠሪና ተገላገዪ» ትለኛለች። እናቴ ደግሞ «ዓይን አይነካም» እያለች ትፈራለች። ጥልፉን የምሠራው መነጽሬን አውልቄ ነው። በበጋ ዓይኔን በጣም ያሳክከኛል፤ አሸዋለሁ፣ ሲብስብኝም ከፋርማሲ ጠብታ እገዛለሁ። ምን ይመክሩኛል?
ጥልፍ ሠሪዋ

መልስ፦ እህቴ፣ እንዴት ከርመሻል። ከጻፍሽልኝ ሁሉ የያዘኝ ጥልፍሽን መነጽር አውልቀሽ መሥራትሽ ነው። ሌዘር ይሻልሽ እንደሆነና እንዳልሆነ የሚለየው ከሁሉ በላይ እሱ ነው።

ሜትርሽን አንሺ። 100ን ለ3 ብታካፍዪው 33 ይመጣል። ማይነስ 3 ዓይን ያለ መነጽር አጥርቶ የሚያየው 33 ሳንቲ ሜትር ድረስ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ይደበዝዛል። አሁን ጥልፍሽን እንደ ልማድሽ ያዢና ከዓይንሽ እስከ መርፌው ያለውን ለኪው። እዚያው አካባቢ ታገኚዋለሽ። በአንቺ ዕድሜ ሩቁን በባዶ ዓይናቸው አጥርተው የሚያዩ ሴቶች መርፌ ቀዳዳ ውስጥ ክር ማስገባት እያቃታቸው ልጅ ይጠራሉ። ምክንያቱም ከ40 ዓመት ገደማ ጀምሮ ዓይን ውስጥ ያለው ሌንስ እየጠነከረ ቅርብ ለማየት እንደ ድሮው አይታዘዝም። አንቺም ከዚህ አላመለጥሽም፤ ማይነስሽ ስለሸፈነልሽ ነው ያልታወቀሽ።

ሌዘሩ የሚያነሳው ደግሞ ይህንኑ ማይነስ ነው። ሩቁን ያጠራልሻል፤ የጎሐን ተራራ ከአራዳ ሆነሽ በባዶ ዓይንሽ ታዪዋለሽ። ጥልፍሽን ግን የማንበቢያ መነጽር ሳታደርጊ መሥራት ያስቸግርሻል፣ ዓመት በጨመርሽ ቁጥርም ይብሳል። አንዱን መነጽር ጥለሽ ሌላ ትገዢያለሽ፤ ያውም እንጀራሽን ለምትበዪበት ሥራ። ማስታወቂያዎቹ «ከመነጽር ተገላገሉ» ሲሉ ይህንን አይናገሩም፤ 40 ዓመት ለሞላው ሰው አለመናገራቸው በጣም ያሳዝነኛል።

ስለዚህ አንድ ነገር ሞክሪልኝ። መጀመሪያ መነጽርሽ ሙሉ ቁጥሩን የያዘ መሆኑን አስለኪ። ከዚያ አንድ ሳምንት ሙሉ ሳታወልቂው ጥለፊ፤ ማታ በአምፖልም፣ ጥቁር ጨርቅ ላይ በጥቁር ክርም። በመነጽሩ ውስጥ መርፌው የሚታይሽን ያህል ነው ከሌዘር በኋላ በባዶ ዓይንሽ የሚታይሽ። እንዲያውም ትንሽ ያንሳል፤ የማይነስ መነጽር ከዓይን ፈንጠር ብሎ ስለሚቀመጥ ለቅርብ ሥራ ጥቂት ያግዛል፣ ሌዘር ያንን እገዛ ያስቀራል። ሳምንቱ ካለፈ በኋላ ደስ ብሎሽ ከሠራሽ ነገሩን እንነጋገርበታለን። አውልቂ አውልቂ ካለሽ መልሱን አገኘሽ።

አንዳንድ ሐኪሞች አንዱን ዓይን ለሩቅ ሠርተው ሌላውን ለቅርብ ይተዉታል። ለብዙ ሥራ ይመቻል። ነገር ግን ሁለቱ ዓይኖች እኩል ሳያዩ ሲቀሩ ርቀትን አጣርቶ መገመት ይቀንሳል፣ መርፌን በትክክል ለማሳረፍ ደግሞ ይህ ያስፈልግሻል። ይህን ቢሉሽ መጀመሪያ ዓይን ላይ በሚደረግ ኮንታክት ሌንስ ሳትሞክሪው እሺ አትበዪ።

ስለ ራሱ ስለ ኦፕራሲዮኑም ልንገርሽ። ሌዘሩ የሚያርፈው ኮርኒያ ላይ ነው፤ ከዓይን ፊት እንደ ሰዓት መስታወት የተደፋው ጥርት ያለ ክፍል። ውፍረቱ በአብዛኛው ሰው 540 ማይክሮን ገደማ ነው፣ ማለትም ከግማሽ ሚሊ ሜትር ትንሽ ከፍ ያለ። ላሲክ በሚባለው ዘዴ ከላይ ስስ ልጣጭ ይገለጣል፣ ሌዘሩ ከሥሩ ይቀርፋል፣ ልጣጩ ያለ ስፌት ይመለሳል። ፒአርኬ በሚባለው ልጣጭ የለም፤ የላይኛው ቆዳ ይነሳና ሌዘሩ በቀጥታ ይቀርፋል። ቆዳው እስኪመለስ ጥቂት ቀን ያማል፣ ዕይታው በደንብ የሚጠራውም በሳምንታት ነው። ለአንድ ማይነስ ከ12 እስከ 15 ማይክሮን ስለሚቀረፍ ለማይነስ 3 ውፍረት ብዙ ጊዜ አይቸግርም። እናትሽን ግን «ፈሪ» አትበያት፤ የተቀረፈው አይመለስም።

የበለጠ የሚያሳስበኝ ማሸትሽ ነው። ዓይንን አጥብቆ ማሸት ኬራቶኮነስ ከሚባል በሽታ ጋር የተያያዘ ነው፤ ኮርኒያው እየሳሳ ወደ ፊት ይሾላል። ይህ ጅምሩ እንኳ ያለበት ዓይን በሌዘር ሲቀረፍ ጨርሶ ሊበላሽ ይችላል። የሚታወቀው የኮርኒያን ካርታ በሚያነሳ መሣሪያና በውፍረት መለኪያ ነው። እነዚህን ሳያይ የኦፕራሲዮን ቀን የሚቆርጥልሽ ካለ፣ ጥለሽው ውጪ። የዓይን ድርቀትም አለ፤ ላሲክ የኮርኒያን ነርቮች ስለሚቆርጥ ለወራት ዓይን ይደርቃል፣ ጥልፍ ላይ የሚያፈጥ ሰው ደግሞ ዱሮውንም ብዙ አያርገበግብም። ማታ ማታ የመኪና መብራት ዙሪያውን ተበትኖ የሚታያቸውም አሉ።

ጠብታሽን አሁኑኑ አውጪና ስሙን አንብቢ። ዴክሳሜታዞን ወይም ሌላ ስቴሮይድ ያለበት ከሆነ በራስሽ መግዛቱን አቁሚና ሐኪም ዘንድ ሂጂ። ማሳከኩን ቶሎ ስለሚያስታግስ ሰው ይወደዋል። ለወራት ሲደጋገም ግን የዓይን ሞራ ያመጣል፣ የዓይን ግፊት ከፍ ያደርጋል፣ ግፊቱም የዓይንን ነርቭ ወደሚጎዳው ግላኮማ ይወስዳል። በግላኮማ የጠፋ ዕይታ አይመለስም፤ ሳያም ስለሚሄድ ሰው የሚነቃው ዘግይቶ ነው። ይህንን በሥራዬ ስላየሁት ነው የምለምንሽ። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ዓይን ክፍል ሄደሽ ማሳከኩን ታከሚ፣ ግፊትሽንም አስለኪ። እስከዚያው ሲያሳክክሽ ዓይንሽን ጨፍነሽ በቀዝቃዛ ውሃ የተነከረ ንጹሕ ጨርቅ ያዢበት።

እኔ በአንቺ ቦታ ብሆን አልሠራውም። የ25 ዓመት አስጎብኚ ብትሆኚ፣ ኮርኒያሽም ጤነኛ ቢሆን፣ ሌላ ነገር እልሽ ነበር። የእህትሽ ልብ መልካም ነው፤ ለዚያ ከሚወጣው ጥቂቱን ብትልክልሽ ነጸብራቅ የሚቀንስ ቀለል ያለ መነጽር፣ አንድ መጠባበቂያና ጥሩ የሥራ መብራት ይሆንልሻል። ለጥምቀት መነጽሩን በማሰሪያ አንገትሽ ላይ እሠሪው።

ልብሽ ከቆረጠ ግን እነዚህን ያዢ፦ ከመሄድሽ በፊት ተመልሰሽ ስትመጪ እዚህ የሚከታተልሽ ሐኪም አዘጋጂ፤ ከኦፕራሲዮኑ በፊት የተለካው ሁሉ በወረቀት ይሰጥሽ፣ ስታረጂ ለሞራ ኦፕራሲዮን የሚገባልሽን ሌንስ ለማስላት ይፈለጋል። ፒአርኬ ከሆነ ለወራት ያለ ጥቁር መነጽር አትውጪ፤ ጎንደር ከ2,000 ሜትር በላይ ነው፣ ፀሐዩ ይበረታል። ጸበልም ቢሆን ሐኪሙ እስኪፈቅድልሽ ዓይንሽ ውስጥ አይግባ፣ ጠጪው።

ጥያቄ፦ ሲስተር፣ 20 ዓመቴ ነው፣ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ማራኪ ግቢ ተማሪ ነኝ። አምና ማይነስ 4.50 ነበርኩ፣ ዘንድሮ 5.25 ሆኛለሁ። ቁጥሩ ከዚህ በላይ ሳይጨምር በሌዘር ላስቁመው?

መልስ፦ ልጄ፣ ሌዘር መጨመሩን አያቆመውም። ማይነስ የሚጨምረው አብዛኛውን ጊዜ የዓይን ኳስ ወደ ኋላ ስለሚረዝም ነው፤ ሌዘር የሚነካው የፊቱን ብቻ ነው። ዛሬ ብትሠራው ዓይንህ ማደጉን ይቀጥልና መነጽሩ ይመለሳል። ቢያንስ አንድ ዓመት ከ0.50 በላይ ሳይቀየር ይቆይ፣ ያን ጊዜ ተለካ። ኮንታክት ሌንስ የምታደርግ ከሆነ ከመለካትህ በፊት ለስላሳውን ሁለት ሳምንት ያህል፣ ጠንካራውን ከዚያም በላይ አውልቀው፤ የኮርኒያውን ቅርጽ ይለውጣል። ቁጥሩ ከፍ ያለ ሰው፣ ሌዘር ተሠራም አልተሠራም፣ ሬቲናው፣ ማለትም ከዓይን ኋላ ብርሃን የሚቀበለው ስስ ሽፋን፣ የመላቀቅ አደጋ አለበት። ድንገት ብልጭታ፣ ብዙ የሚንሳፈፍ ጥቁር ነጥብ ወይም መጋረጃ መሰል ጥላ ካየህ በዚያው ቀን ሆስፒታል ሂድ። ፈተናም ቢሆን።

ጥያቄ፦ እናቴ 70 ዓመት አልፏታል፣ አዘዞ ነው ያለችው። ዓይኗ ሞራ ለብሷል ተባልን። በሌዘር ይነሳላታል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ይህ ከላይ ከተጻፈው የተለየ ሕክምና ነው። ሞራ ኮርኒያ ላይ የተለጠፈ ነገር አይደለም፤ ውስጥ ያለው ሌንስ መደፍረሱ ነው። የደፈረሰው ወጥቶ በምትኩ ሰው ሠራሽ ሌንስ ይገባል። አብዛኛውን ጊዜ ዓይኗ ብቻ ደንዝዞ የሚሠራ ነው፣ ቱርክ ድረስም አያስኬድም። የዓይኗ ሽፋሽፍት በትራኮማ ወደ ውስጥ ተገልብጦ ከሆነ ግን መጀመሪያ እሱ ይስተካከል፣ ለሐኪሙ ንገረው። ቀጠሮ ስታስይዝላት የዓይኗ ግፊትም እንዲለካ ጠይቅ፣ የምትወስደውን መድኃኒት ሁሉ ከነካርቶኑ ይዘህ ሂድ።