ጨው፣ ክብሪት፣ ሳሙና፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍላችሁ ከመንዝ፣ ከመሐል ሜዳ አካባቢ ነው። ልጄ 8 ዓመቱ ነው፣ 2ኛ ክፍል። ማታ በጎቹን ሲያስገባ ሳይቆጥር እንዲሁ አይቶ «ቦቃዋ የለችም» የሚል ልጅ ነው፣ ቄስ ትምህርት ቤትም ገብቶ ጸሎቱን በቃሉ ይወጣዋል። ግን ሱቅ ሂድና ጨው፣ ክብሪት፣ ሳሙና አምጣ ካልኩት ጨው ብቻ ይዞ ይመጣል፣ አንዳንዴ ጭራሽ ረስቶት ከልጆች ጋር ሲጫወት አገኘዋለሁ። ቲቸሩ «ልቡ ክላስ ውስጥ የለም» ይላል፣ አባቱ ደግሞ ሆን ብሎ ነው እያለ ይገርፈዋል። እውነት ሆን ብሎ ነው ወይስ አእምሮው ላይ የሆነ ነገር አለ?

መልስ፦ እህቴ፣ ከሁሉ በፊት ለአባቱ ንገሪልኝ፣ ዱላው ይቁም። ለምን እንደሆነ ወረድ ብዬ እመጣበታለሁ።

ልጅሽ ደደብ እንዳልሆነ ከራስሽ ደብዳቤ ያስታውቃል። ጸሎቱን በየቀኑ በዜማ ደጋግሞታል፣ በጎቹንም ጠዋት ማታ ስለሚያያቸው አንድ በአንድ ያውቃቸዋል፣ ይሄ ጎተራ የገባ ነገር ነው፣ የረጅም ጊዜ ትውስታ። ሱቅ ስትልኪው የሚሰራው ግን ሌላ ነው፣ ሳይኮሎጂስቶቹ ወርኪንግ ሜሞሪ የሚሉት፣ አንድን ነገር ለጥቂት ሰከንድ ጭንቅላት ውስጥ ይዞ እየሰሩበት መቆየት ማለት ነው፣ እሱ ደግሞ እፍኝ ነው በይው። ጎተራው ሙሉ፣ እፍኙ ትንሽ የሆነ ልጅ ሞልቷል። የአዋቂ ሰው እፍኝ ራሱ ያን ያህል አይደለም እኮ፣ ኔልሰን ካወን የሚባል አሜሪካዊ ተመራማሪ በ2001 እ.ኤ.አ. (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታትም እንዲሁ ናቸው) ባወጣው ጽሑፍ 4 ነገር ገደማ ነው ብሏል፣ የልጅ ደግሞ ከዛም ያንሳል፣ እስከ 15 ዓመት ገደማ ነው እያደገ የሚሄደው።

አላን ባድሌይና ግራሃም ሂች የሚባሉ እንግሊዞች በ1974 ባቀረቡት ሐሳብ፣ የሰማነውን ነገር ይዘን የምንቆየው ውስጥ ውስጡን እየደጋገምን ነው፣ በ1975 ደግሞ ባድሌይ ከሌሎች ባልደረቦቹ ጋር እንዳሳየው የሚይዘው 2 ሰከንድ በሚያህል ጊዜ አፋችን የሚያወጣውን ያህል ብቻ ነው። እና ልጅሽ «ጨው ክብሪት ሳሙና፣ ጨው ክብሪት ሳሙና» እያለ ከቤት ወጣ እንበል፣ መንገድ ላይ አንድ ጎረቤት «አንተ፣ ወዴት ነው? እናትህ ደህና ናት?» ካለው አለቀ። መልስ ሊሰጥ አፉን ሲከፍት የያዘው ይበተናል፣ አንዴ ከተበተነ ደግሞ ቢያስብ ቢያስብ አይመጣም፣ ስለዚህ ያለው አማራጭ አንዱን ገዝቶ መመለስ ወይ እዛው ቀርቶ መጫወት ነው። ከ7 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ደግሞ አብዛኞቹ መደጋገሙን ራሱ በራሳቸው አያደርጉትም።

ቲቸሩ «ልቡ የለም» ያለው ነገር አልገረመኝም። ሱዛን ጋዘርኮልና ትሬሲ አሎዌይ የሚባሉ ሳይኮሎጂስቶች ከባልደረቦቻቸው ጋር እንግሊዝ አገር ከ3,000 በላይ የሚሆኑ ከ5 እስከ 11 ዓመት ያሉ ልጆችን ፈትነው በ2009 ውጤቱን አውጥተው ነበር፣ ከ10 ልጅ አንዱ ወርኪንግ ሜሞሪው በጣም ዝቅተኛ ሆኖ ተገኘ፣ ከነዚህ ውስጥ አብዛኞቹ በንባብም በሒሳብም ይቸገራሉ። አስተማሪዎቻቸው ግን ሲጠየቁ ትኩረት የለውም፣ ቶሎ ይዘናጋል ነው ያሉት። ልጁ የተባለውን ሰምቷል፣ መያዝ ነው ያቃተው፣ ከውጭ ለሚያይ ሰው ግን ሁለቱም አንድ ይመስላሉ።

ወደ ዱላው ልመለስ። ፍርሃትና ጭንቀት ራሳቸው ከዛችው እፍኝ ላይ ቦታ ይይዛሉ። ማርክ አሽክራፍትና ኤሊዛቤት ኪርክ የሚባሉ ተመራማሪዎች በ2001 እንዳሳዩት ሒሳብ የሚያስጨንቃቸው ሰዎች ቁጥር ሲሰሩ ወርኪንግ ሜሞሪያቸው ይቀንሳል። ይሄ ልጅም «ከረሳሁ አባዬ ይገርፈኛል» እያለ ከሄደ ጨውን የሚይዝበት ቦታ ላይ አለንጋው ተቀምጧል ማለት ነው፣ በግርፊያ የባሰ እንጂ የተሻለ አይመጣም።

አንቺ ምን ታደርጊያለሽ፦ ባንዴ ሁለት ነገር ብቻ እዘዢው፣ ከመሄዱ በፊት «እስኪ ምን አልኩህ?» ብለሽ በራሱ አፍ አስደግሚው፣ ሦስት ነገር ካስፈለገሽ ቁራጭ ወረቀት ላይ ጽፈሽ ስጪው (ማንበብ ካልቻለ ባለሱቁ ያነበዋል፣ ምን ችግር አለው)። ሲረሳም ተመልሶ መጥቶ መጠየቅ እንደሚችል ይወቅ፣ የሚቆጡት ልጅ ተመልሶ አይጠይቅም። ደግሞ ጤና ጣቢያ ወስደሽ ጆሮውን አስመርምሪው፣ በተለይ መግል የሚወጣው ከሆነ አትዘግዪ፣ በደንብ የማይሰማ ልጅም ልክ እንደዚህ ነው የሚሆነው።

ጥያቄ፦ ከደብረ ብርሃን ነኝ፣ 3ኛ ክፍል አስተምራለሁ። ክላሴ ውስጥ 58 ተማሪ አለ። የማባዛት ሰንጠረዥ የሚችሉ ልጆች ሁለት አሃዝ ቁጥር ደምሩ ስላቸው ይሳሳታሉ፣ ሲያነቡም ፊደሉን ለይተው ቃሉን ያበላሹታል። 58 ልጅ ይዤ ለእያንዳንዱ ምን ላደርግ እችላለሁ?

መልስ፦ መምህር፣ እውነትዎን ነው፣ 58 ልጅ ቀልድ አይደለም። የልጆቹ ችግር ያው ከላይ ያልኩት እፍኝ፣ ወርኪንግ ሜሞሪ ይመስለኛል። ጋዘርኮል እንደምትለው 30 ልጅ ያለበት የ7ና የ8 ዓመት ክላስ ውስጥ ቢያንስ 3ቱ እንደ 4 ዓመት ልጅ፣ ሌሎች 3ቱ ደግሞ እንደ 11 ዓመት ልጅ ነው የሚይዙት። የእርስዎ ክላስ የዛ እጥፍ ሊሆን ትንሽ ነው የቀረው።

27 ሲደመር 16ን ይዩት። 7ና 6 13፣ 3 ይጽፍና 1 በእጁ ይይዛል፣ ከዛ 2ና 1ን ሲደምር ያቺ በእጁ የያዛት 1 ብን ትልና 33 ብሎ ይጽፋል። መደመር አልቻለም ብለው ኤክስ ያደርጉበታል፣ ልጁ ግን መደመሩን ችሎታል። 1ዷን በሐሳቡ ከሚይዛት ከ2ቷ በላይ በትንሹ ይጻፋት፣ ይሄ ማጭበርበር አይደለም፣ «በቃልህ ካልሰራህ አልቆጥርልህም» የሚሉ አስተማሪዎች አሉ፣ እኔ በበኩሌ ምን እንደሚጠቅም አይገባኝም። ንባቡም ያው ነው፣ «አልመጣችም» የሚለውን «አ… ል… መ… ጣ…» ብሎ «ችም» ላይ ሲደርስ ፊተኞቹ ጠፍተው «መጣች» ብሎ ይዘጋዋል፣ ዓረፍተ ነገሩ ተገልብጦ ቁጭ። ፊደሉን ሳያስብበት በዓይኑ እስኪያውቀው ድረስ በአጫጭር ቃላት ቢለማመድ ይሻላል፣ ፊደሉ ጎተራ ሲገባ እፍኙ ለትርጉሙ ነጻ ይሆናል።

ለሁሉም ባንዴ የሚሆን ነገር ደግሞ አለ። «ደብተራችሁን አውጡ፣ ቀን ጻፉ፣ ገጽ 24 ግለጡና ከ1 እስከ 5 ሥሩ» ብለው በአንድ ትንፋሽ ከማዘዝ አንዱን አስጨርሰው ወደ ሌላው ይለፉ፣ የገጹንና የጥያቄውን ቁጥር ሰሌዳው ጥግ ላይ ይተዉት፣ የማባዛት ሰንጠረዡም ግድግዳ ላይ ይለጠፍ። ዝም የሚሉትን ልጆች ደግሞ አደራ፣ እነዚህ ልጆች ከጓደኛ ጋር ደህና እየተጫወቱ ክላስ ውስጥ እጅ የማያወጡ ናቸው፣ የሚረብሸው ልጅ ስለሚታይ እሱ ላይ ነው ዓይናችን የሚያርፈው።

ጥያቄ፦ ሸዋ ሮቢት ነኝ። ለታናሽ ወንድሜ «ሜሞሪ ያሳድጋል» የሚል የስልክ ጌም አለ አሉ፣ በየወሩ ይከፈልበታል። 8ኛ ክፍል ተፈታኝ ስለሆነ ልግዛለት ወይ?

መልስ፦ ተወው ወንድሜ። ነገሩ በዝና የመጣው ስዊድን ውስጥ ቶርኬል ክሊንግበርግ የሚባል ተመራማሪ በእንዲህ ዓይነት የወርኪንግ ሜሞሪ ልምምድ ላይ ከሰራቸው ጥናቶች ወዲህ ነው፣ በኋላ ግን ሞኒካ ሜልቢ ሌርቮግና ቻርልስ ሂዩም የሚባሉ ተመራማሪዎች 23 ጥናቶችን ሰብስበው በ2013 ሲመዝኑት ልጆቹ ጌሙ ላይ ይጎብዛሉ፣ ያም ለጊዜው ነው፣ ንባቡና ሒሳቡ ላይ ግን የሚያሳምን ለውጥ አልተገኘም። ብሩን ከያዝክ የድሮ የፈተና ወረቀቶች ኮፒ አስደርግለት፣ ሲያጠና ስልኩ ሌላ ክፍል ይሁን፣ ሌሊቱን ሙሉ ሲሸመድድ አድሮ ፈተና እንዳይገባ ደግሞ ቀደም ብለህ አስተኛው።