ዚፕ ፋይል «ይከፈታል» ወይስ «ይፈታል»?

ጥያቄ፦ መምህር፣ የምሠራው አራት ኪሎ አካባቢ ኮምፒውተር ጥገና ቤት ነው። ፕሮግራም በፍላሽ ገልብጠን ስንሰጥ አጭር መመሪያ አብረን እናትማለን። «ዚፑን ክፈቱና ፕሮግራሙን ጫኑ» ብዬ ብጽፍ ባልደረባዬ «ፍቱ እንጂ ክፈቱ አይባልም» አለኝ። ደግሞስ «የተጨመቀ ፋይል» ነው ወይስ «የታመቀ»?

መልስ፦ ባልደረባዎ ልክ ናቸው። ዊንዶውስ ላይ ዚፕ ፋይል (ብዙ ፋይሎችን አሳንሶ በአንድ የሚይዝ ፋይል) ሁለቴ ክሊክ ሲደረግ ይከፈታል፤ በውስጡ ያለው ይታያል፣ ግን ገና አልተፈታም። ደንበኛው እዚያው እንዳለ ሴትአፑን (ፕሮግራሙን የሚጭነውን ፋይል) ቢያስነሳው ብዙ ጊዜ ያ ፋይል ብቻውን ወደ ጊዜያዊ ፎልደር ይወጣና ጓደኞቹን ያጣል፤ ጭነቱም መሐል ላይ ይቋረጣል። መመሪያዎን ቃል በቃል የፈጸመ ሰው ነው እንግዲህ ተቸግሮ የሚመለሰው። «መጀመሪያ ዚፑን ፎልደር ውስጥ ፍቱት፤ ከዚያ ጫኑ» ብለው ይጻፉ።

«ክፈቱ» የቦርሳና የጃኬት ዚፕን አስታውሶ የመጣ ይመስለኛል። ፕሮግራመሩ ፊል ካትዝ የዚፕ ፋይልን ቅርጸት እ.ኤ.አ. በ1989 ሲያወጣ ግን ስሙ የተመረጠው ፍጥነትን እንዲያመለክት ነበር።

ሁለተኛው ጥያቄዎ ይበልጥ ደስ ይላል። ብርቱካን ሲጨመቅ ጭማቂው ተወስዶ ልጣጩ ይጣላል። «ጭምቅ ሐሳብ» ስንልም ዝርዝሩ ቀርቶ ፍሬ ነገሩ ተወስዷል ማለታችን ነው። «አመቀ» ግን ምንም ሳይጥል በጠባብ ቦታ አጭቆ መያዝ ነው፤ የታመቀ አየር ሲለቀቅ ያው አየር ነው። ዚፕና እንደ እሱ ያሉት ራርና ሰቨንዚፕም የሚደጋገመውን በአጭር ምልክት እየተኩ ቦታ ይቆጥባሉ እንጂ ሲፈቱ አንዲት ባይት አትጎድልም። ብትጎድል ፕሮግራሙ ጨርሶ ላይነሳ ይችላል። ስለዚህ «የታመቀ» ይበሉ። «የተጨመቀ»ን ዝርዝር እየጣለ ለሚያንሰው ለጄፔግ ፎቶ ቢተዉልኝ እወዳለሁ።

ሊኑክስ የሚጠቀም ደንበኛ ካለዎት፣ «ታር» የተባለው ፕሮግራም ፋይሎችን በአንድ ይጠቀልላል እንጂ አያምቅም፤ የሚያምቀው «ጂዚፕ» የተባለው ሌላ ፕሮግራም ነው። የሁለቱን ቅጥያዎች (.tar.gz) በስሙ መጨረሻ አስከትሎ የሚመጣው ፋይል «ተጠቅልሎ የታመቀ» ቢባል ሥራውን በቅደም ተከተል ይናገራል። በአፍ «ዚፕ አድርገህ ላክልኝ» ማለት ግን ምንም ነውር የለበትም።

አንድ ነገር ልጨምር። ቁልፍን «ተጫኑ»፣ ፕሮግራምን «ጫኑ» ነው የሚባለው። ከማተምዎ በፊት «ተ»ዋን አንድ በአንድ ይዩልኝ።